ግቢዬን አቋርጦ ስለሚያልፈው ብርሃን

ሞያሌ በኬንያ በኩል፣ ማንያታ፤ መጋቢት 2014 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለክቡር የፋይበር መስመሩ የበላይ ኃላፊ
ናይሮቢ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ መስመርዎ ለሰከንድ እንኳ ሳይቋረጥ፣ ቤትዎም ውሃ ሳይጎድለው እንዲሰነብት እመኛለሁ። እኔ ማንያታ ሰፈር ትንሽ ሆቴል ያለኝ ፋናዬ ነኝ። በስም ባያውቁኝም ግቢዬን ያውቁታል፤ ከአጥር እስከ አጥር ሰንጥቀውት ሄደዋልና።

አንደኛ፣ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። መሐንዲስዎ አቶ ፖል ቦዩን ሲያስቆፍሩ እንዳስረዱኝ፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስታወት ውስጥ መልእክት የሚሸከመው ብርሃን ፍጥነቱ በደረጃ የተወሰነ ነው፤ ደረጃ አንድ በሰከንድ አንድ መቶ ሃምሳ አምስት ሜጋቢት ሲሆን፣ ከዚያ የደረጃው ቁጥርም ፍጥነቱም በአራት በአራት እየተባዛ ይወጣል። በእኔ ግቢ የሚያልፈው ደረጃ ስድሳ አራት፣ ዐሥር ጊጋቢት ገደማ ነው። የቤቴ ደረጃ ዜሮ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ዜሮ ደግሞ በአራት ቢባዛም ያው ዜሮ ነው።

ሁለተኛው የራሴ ሞኝነት ነው። በእኛ ሰፈር የውሃ ቧንቧ በግቢው እንዲያልፍ የፈቀደ ሰው አንድ መክፈቻ ይቀርለታል። ገመድዎንም እንደ ቧንቧ ቆጥሬ ለሠራተኞችዎ ፍየል አርጄ መንገድ ሰጠሁ። ሽማግሌው ጎረቤቴ ጋልጋሎም መረቁዎት፤ በእርሳቸው ወግ ጉድጓድ ያለው ሰው በደጁ የሚያልፈውን የተጠማ አይመልስም። አሁን ባገኙኝ ቁጥር ይህ የማያጠጣ ጉድጓድ የማን እንደሆነ ይጠይቁኛል፣ እኔም አፍራለሁ።

ሦስተኛው ቀልድ የለበትም። ሆቴሌ ዓመቱን የሚገፋው በመሬት ውስጥ በሚጠራቀም የዝናብ ውሃ ነው። የድሮው ማጠራቀሚያ ተሰንጥቋል፤ ግቢው ዐለት ስለሆነ አዲስ የሚቆፈርበት ለስላሳ አፈር ገመድዎ የተኛበት ብቻ ነው። ይህ ዝናብ ሳልይዘው ካለፈ ሆቴሉን እዘጋለሁ፤ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም። ልሽጠው ብልም ገዥ ሁሉ መቆፈር ክልክል ነው የሚለውን ቢጫ ምሰሶዎን አይቶ ይመለሳል። በገዛ ግቢዬ ታስሬአለሁ፣ ፈርቻለሁም።

ገመዱ ጥቂት እርምጃ ወደ አጥሩ እንዲጠጋልኝ ብለምን፣ ጽሕፈት ቤትዎ አቤቱታ የሚቀበለው በኢንተርኔት ብቻ መሆኑን በትሕትና ገለጸልኝ። ከእግሬ ሥር ዐሥር ጊጋቢት ይነጉዳል፤ ስልኬ ግን ገጽዎን ሳይከፍት ባትሪው ያልቃል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ስሰማ ተረት ይመስለኝ ነበር።

ከማይጎድል አክብሮትና ከማይቆረጥ ጥማት ጋር፣
ብርሃንዎ ሳያበራላት የሚያልፋት፣ ያለ ደመወዝ የመስመርዎ ዘበኛ
ፋናዬ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ የምልክበት ኢንተርኔት ስለሌለኝ ቢጫው ምሰሶዎ ላይ ቸንክሬዋለሁ። ባለፈው እዚያ ላይ ልብስ ባሰጣ ሰዎችዎ ልብሱ ሳይደርቅ ደርሰው ነበርና፣ ከዚህ የፈጠነ መንገድ አላገኘሁም። ዶማዬንም አጠገቡ አቁሜአለሁ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ከዝናቡ ቀድመው ከመጡ አብረን እንቆፍራለን፣ ዝናቡ ከቀደመዎት ግን ብቻዬን እጀምራለሁ።