ለሐኪሟ ያልነገርኳት

ኅዳር 9፣ ሐሙስ

ልብስ አጠብኩ። ለአዚዛ ልጆች የእንግሊዝኛ የቃል ጽሕፈት ሰጠሁ። ትልቁ ብዙ ሳተ። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ቸኩሎ ነው። አዚዛ «ማማ፣ አትጨክኚባቸው» አለችኝ። እሷንም በዚሁ የዓረብ ቤት ሞግዚቷ ሆኜ እንዲሁ ነው ያሳደግኳት፤ ምን ጎደለባት?

ባንቲሁን ደወለ፤ የእህቴ ልጅ፤ እናቱ መሰለች ናት። ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ሩሰይል፣ የፋብሪካ የሌሊት ጥበቃ ነው። «ደህና ነኝ እታለም» አለኝ። እናቱ ናት እታለም የምትለኝ፤ ከእሷ ወርሶ ነው። ድምፁ ግን... ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ነገ ይመጣል። አየዋለሁ።

ኅዳር 10፣ ዓርብ

መጣ። ሙሳ በመኪናው አመጣው። ሙሳ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ሾፌር፤ ዋዲ ከቢር የሚባል ሰፈር ይኖራል። ባንቲሁን የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎታል። ፈትቼ አስተካከልኩለት። እንደ ሕፃን ዝም ብሎ ቆመልኝ። ያ ነው ያስፈራኝ። ድሮ ቢሆን እጄን ገፍቶ ይስቅብኝ ነበር።

ሽሮውን ነካ ነካ አድርጎ ተወው። እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ሙሳ ጠጋ አለኝ።

«እትዬ አማረች፣ ይሄ ልጅ አይተኛም። ቀንም የለ፣ ሌሊትም የለ። ዓርብ ዓርብ እኛ ጋ ይምጣ።»

«እናንተ ጋ ምን አለ?»

«ጋራዥ ውስጥ ወንዶች ተሰብስበን እናወራለን። ሆዳችን ያለውን።»

«ሆድ ይበላበታል እንጂ ይወራበታል?»

ሳቀ። «እርስዎ ደግሞ! ሳያወሩ የሞቱ አሉ እኮ።»

የመጨረሻዋን እንደ ቀልድ ነው ያላት። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሐኪም ቤት ራሴ እወስደዋለሁ። እንግሊዝኛውን ያን ያህል ለፍቼ የተማርኩት ለመቼ ነው?

ኅዳር 12፣ እሑድ

ክሊኒክ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እንግሊዝኛና ዓረብኛ ትናገራለች። የባንቲሁን ዓረብኛ የሥራ ቦታ ዓረብኛ ነው፤ ያላ፣ ማፊ፣ ኻላስ፤ ቶሎ በል፣ የለም፣ በቃ። ስለዚህ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ።

ጠየቀችው። እንደገና ጠየቀችው። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ፣

«እታለም፣ እንዲህ በያት። ስተኛ ባልነቃ ብዬ ነው የምተኛ። አሁን አሁን መጠበቁም ሰለቸኝ። ራሴ ልጨርሰው እያልኩ ነው።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ ትጠብቃለች። እጇ ሥር የኩባንያው የኢንሹራንስ ካርድ አለ።

«ደክሞታል» አልኳት በእንግሊዝኛ። «የሌሊት ሥራ ነው። እንቅልፍ አጥቷል።»

ፈገግ አለችለት። ቫይታሚን ጻፈችለት። ማታ ማታ ሻይ ይተው አለች።

ስንወጣ «ነገርሻት?» አለኝ።

«ነገርኳት።»

ትምህርት ቤት ሳለን፣ ከትርጉም አንድ ቃል የጣለች ልጅ መዳፏን በማስመሪያ ትመታ ነበር። እኔ ተመትቼ አላውቅም።

ኅዳር 13፣ ሰኞ

ሌላ ምን ልበል ኖሯል? ያንን ብናገር ትጽፈዋለች። ከጻፈችው ኩባንያው ያየዋል። ባለፈው ዓመት አንዱን የፋብሪካ ሠራተኛ «አእምሮው ልክ አይደለም» ብለው ወዲያው አሳፈሩት። የሌላ አገር ሰው ዛሬ ቢሄድ ነገ ይመለሳል። የእኛ ሰው ከወጣ ወጣ ነው። አገራችን ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን ከከለከለች ሁለት ዓመት አለፈ። በሩ ከኋላው ይዘጋበታል። መሰለች ደምበጫ ሆና የምትኖረው እሱ በሚልከው ነው።

ልክ ነኝ።

ልክ ነኝ?

ኅዳር 15፣ ረቡዕ

ከጠዋት ጀምሮ ስልክ አያነሳም።

ከሰዓት በኋላ አነሳ። «ባትሪ አልቆብኝ ነው።»

ኅዳር 17፣ ዓርብ

ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ መጣ። ደስ ሊለኝ ነበር። ከዚያ ድንገት፣

«ሐኪሟ ጥሩ ሰው ናት» አለኝ።

«እንዴት?»

«ልጨርሰው ነው ስላት ፈገግ አለችልኝ። ቫይታሚን ዋጥ አለችኝ። ለካ ይሄን ያህል ቀላል ነገር ኖሯል።»

በቁጣ አይደለም ያለው። በቁጣ ቢለው በተሻለኝ። ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር። አፌን ከፈትኩ። «ብላ እንጂ፣ ትንሽ ጨምር» ብቻ ወጣኝ።

ሲሄዱ ጋቢውን ለሙሳ ሰጠው። እናቱ የፈተለችውን ጋቢ። «እኔን ይሞቀኛል» አለ። የሌሊት ጥበቃ በኅዳር ይሞቃል? ሰው ዕቃውን ማደል የሚጀምረው መቼ ነው?

አውቃለሁ መቼ እንደሆነ። አልጽፈውም።

ኅዳር 18፣ ቅዳሜ

ለሙሳ ደወልኩ። «ወደ እናንተ ውሰደው» አልኩት። ለምን ሐሳቤን እንደለወጥኩ አልጠየቀኝም። እግዜር ይስጠው።

ኅዳር 24፣ ዓርብ

ዋዲ ከቢር። ልቤ አልችል ቢለኝ አብሬ ሄድኩ።

«ሴት አይገባም እትዬ» አለኝ ሙሳ። «እርስዎ ፊት ማን አፉን ይከፍታል? አነጋገራችንን ያርሙናል።»

መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ። የጋራዡን መዝጊያ እስከ ግማሽ አውርደውታል። የሚታየኝ እግር ብቻ ነው፤ ነጠላ ጫማ፣ የሥራ ቦት ጫማ፣ ግሪስ የጠጣ ተረከዝ። ድምፃቸው ግን ይሰማል።

«እኔ ሻወር ከፍቼ ነው የማለቅሰው» አለ አንዱ። አያሌው ነው፣ ቅድም ሙሳ ያስተዋወቀኝ በያጅ።

«ለካ ውኃ የምታስጨርሰን አንተ ነህ!»

ሳቁበት። ሳቁ ሲበርድ አያሌው ቀጠለ። ማንም አላቋረጠውም፤ ማንም አልመከረውም። ወንዶች እንዲህ ሲያወሩ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። አባቴ ስለ ራሱ አንድ ቀን ሳይናገር ነው የተቀበረው። እኛም «ጨዋ ሰው ነበር» አልን።

«ባንቲ፣ አንተስ?» አለ ሙሳ።

የእሱን ጫማ አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ የገዛሁለት። አልተንቀሳቀሰም።

«እኔን ሐኪም አይታኛለች። ሁሉንም ሰምታ ምንም የለብህም ብላኛለች። የእናንተን ጊዜ አልፈጅም።»

የመኪናውን በር እጀታ ያዝኩ። ልውረድ? ልናገር? በወንዶቹ ፊት?

አልወረድኩም።

ኅዳር 28፣ ማክሰኞ

እንዳይጠፋ የምጠብቀው ቪዛውን ነው ወይስ ልጁን?

ዓርብ ሲመጣ እውነቱን እነግረዋለሁ። እስከ ዓርብስ? በስልክ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? በእኛ አገር ሞት እንኳ በስልክ አይነገርም። ሰዎች ተሰብስበው በማለዳ ደጅ ድረስ ይመጣሉ እንጂ።

ምን ዓይነት ነገር ነው ያሰብኩት! ሰይጣን ይፈር።

ታኅሣሥ 1፣ ዓርብ

እንደሆነው ልጻፈው።

ጎህ ሲቀድ የግቢው በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሙሳ። አያሌው። ሌሎች ሁለት ወንዶች። ተደርድረው ቆመዋል። ደህና አደሩ የሚል የለም። የአያሌው ዓይን ቀልቷል።

አቋቋሙን አውቀዋለሁ። የባሌን ሞት ያረዱኝም እንዲሁ ቆመው ነው።

ነጠላዬን ጣልኩ። ደረቴን ስመታ ይሰማኛል። «ልጄን! እኔ ነኝ የገደልኩት!» ስል መሬት ላይ ነኝ። አዚዛ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች።

«ኧረ በአላህ! አለ! አለ እትዬ!» ጮኸ ሙሳ። «መኪና ውስጥ ነው!»

አያሌው በክርኑ ጎሸመው። «አንድ ሰው ብቻ ይግባ አላልኩህም? በዚህ ማለዳ አራት ሆነን እንደ መርዶ ነጋሪ ቀጥ!»

አለ። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሙሳ ጋቢውን መልሶ አልብሶታል።

ትናንት ማታ ለአያሌው ደውሎ «ይቅር በለኝ» ብሎ ስልኩን ዘግቷል። አያሌው ሌሎቹን ቀስቅሶ ወደ ሩሰይል በረሩ። ደረሱበት። ከጎኑ ሳይለዩ አነጉ። አሁን ትልቁ ሆስፒታል ሊወስዱት ነው። ወደ እኔ የመጡት እንዳስተረጉምለት ነው።

እኔ ላስተረጉምለት!

በመኪናው መስኮት አንገቴን አስገባሁ። ሁሉም ይስሙኝ፣ ግድ የለኝም።

«ባንቲ፣ ያልከውን አልነገርኳትም። ደክሞታል ነው ያልኳት። ሐኪሟ አልሰማችህም።»

አየኝ።

«ሰምታ አይደለም ፈገግ ያለችው?»

«አልሰማችም።»

«ለምን እታለም?»

«ቪዛህን ፈርቼ።»

ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። አያሌው ገብቶ አጠገቡ ተቀመጠ። አይዞህ እንኳ አላለውም፤ ተጠግቶት ብቻ ተቀመጠ።

ሆስፒታል ስንደርስ ልከተለው ስል እጁን አነሳ። «ራሴ እነግረዋለሁ» አለኝ። ገባ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሰማሁት።

«ኖም ማፊ። አክል ማፊ። አና... ሐያት ኻላስ።»

እንቅልፍ የለም። መብላት የለም። እኔ... ሕይወት በቃ። እኔ ንቄው በነበረው ዓረብኛ። ሐኪሙ ወንበሩን ስቦ ሲጠጋው ሰማሁ። ከዚያ አንዲት ነርስ በሩን ዘጋችው። እኔም ከወንዶቹ ጋር ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ።

ታኅሣሥ 6፣ ረቡዕ

ሆስፒታል አስተኝተውታል። መድኃኒት ጀምሯል። ወንዶቹ ከሥራ ሲወጡ በየተራ ይመጣሉ። አያሌው ካርታ ያጫውተዋል፤ ያጭበረብራልም።

ኩባንያው ሰማ። ኃላፊው ደወለልኝ። በጨዋነት ነው የተናገረው፤ ሲሻለው ውሉ ይቋረጣል፣ ወደ አገሩ ይሸኛል። የፈራሁት መጣ።

ለባንቲሁን እንዴት እንደምነግረው ሳስብ ዋልኩ። ስነግረው ትንፋሹን ለቀቀ።

«እታለም፣ መሄድ ትፈልጋለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነበር?»

አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ታኅሣሥ 18፣ ሰኞ

ተሳፈረ። አንድ ጊዜ ዞሮ አየን። ሙሳ «ኢንሻአላህ እንገናኛለን» አለው። የት? መመለሻ እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ደግሞ ከእጄ ወጣ። ማን ያየዋል? ሕመሙን ማን ያውቅለታል?

ታኅሣሥ 20፣ ረቡዕ

ከደምበጫ ተደወለ። መሰለች ናት።

«ደርሷል። ከስቷል። ምን ሆኖ ነው? ሰው ብርድ መቶት ነው ይላል። ሌላው ዓይን ነው ይላል። አንቺ ታውቂያለሽ።»

«ባንቲ አጠገብሽ አለ? ስልኩን ስጪው።»

ሰጠችው። «ለእናትህ ልንገራት?» አልኩት።

«ሁሉንም። እኔ እሷን እያየሁ አልችልም።»

ነገርኳት። ስተኛ ባልነቃ ብዬ ነው የምተኛ። መጠበቁም ሰለቸኝ። ራሴ ልጨርሰው እያልኩ ነው። ሳላሳጥር፣ ሳላለዝብ። እህቴ አላለቀሰችም።

«መድኃኒቱ መቼ መቼ ነው?» አለች።

«ማታ፣ ከምግብ በኋላ። ብቻውን አይደር።»

«እኔ ዘንድ ነው የሚተኛው። ሲያልቅስ?»

«ማርቆስ ሆስፒታል ትወስጂዋለሽ። ሐኪሙ ምን ሆነ ሲልሽ ምን ትያለሽ?»

«ደክሞት ነው...»

«አይደለም። ያልኩሽን በይው። አሁን፣ ለእኔ።»

ጠበቅኋት። አንድም ቃል ሳትጥል፣ እስከ መጨረሻው አለችው።