ሠላሳ አንድ የወረቀት አበቦችና አንቀጽ አራት

ግልጽ ደብዳቤ፦ ለክብርት ወይዘሮ ሂልደ ቫን ሃልወይን
የኑርድዛንደ ከተማ የባሕር ዳርቻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክብርት ሆይ፣

«አሁን ይሄን ደንብ ያወጣው ማን ነው?» ልጆች ይዞ ባሕር ዳር ውሎ ይህን ያልጠየቀ ሰው ይኖር ይሆን? መልሱን ይዤልዎት መጥቻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ለእርስዎና ለመላው ባልደረቦችዎ ሙሉ ጤና፣ ለቢሮዎ መስኮትም አሸዋ የማይበትን ነፋስ ከልብ እመኛለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከእህቴ ከቬርለና ከሁለት ልጆቿ፣ ከስድስት ዓመቷ ኖርና ከአራት ዓመቱ ዋነስ ጋር፣ ከጌንት በጠዋቱ ባቡር ተነሥተን ከተማዎን ጎብኝተናል። ስለተደረገልን መስተንግዶ ያለኝን ምስጋና እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በባሕሩ ዳር ጎዳና የሚከራዩት የፔዳል መኪኖች በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄዱ ስለወሰናችሁ አመሰግናለሁ። ከዋነስ ራስ ላይ ነፋስ የወሰደውን ኮፍያ ለማንሣት ጎዳናውን እስከ ጫፍ ነድተን በኋለኛው መንገድ ዞረን መጣን፤ ኮፍያው ባይገኝም እግራችን ጠንክሯል።

፪. በአሮጌው መርከብ ሙዚየም ውስጥ «ደወሉን መንካት ክልክል ነው» የሚለውን ማስታወቂያ በልጅ ቁመት ልክ ስለለጠፋችሁት አመሰግናለሁ። ማንበብ የማይችለው ዋነስ ደወሉን ደወለው፤ ማንበብ የምትችለው ኖር አለቀሰች።

፫. ይህኛው ይረዝማል፤ ይታገሡኝ።

በእኛ ባሕር ዳር ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ልጆች ከአሸዋ መደብ ሠርተው የወረቀት አበባ ይተክሉበታል፤ ገዢውም በእፍኝ ዛጎል ይወስዳል። እናቴ ሸጣለች፣ ቬርለ ሸጣለች፣ እኔም ሸጫለሁ። ኖርም ለዚህ ቀን ብላ ሁለት ሳምንት ሙሉ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ስትቆርጥና በሽቦ ስትጠመጥም ከርማ፣ ሠላሳ አንድ አበባ ይዛ መጣች። መደቧን ሠርታ፣ የመጀመሪያዋን አበባ ውሻቸውን ለሚያንሸራሽሩ አንዲት እናት ሸጣ ዛጎሏን ባልዲ ውስጥ ሳትከት፣ አንድ ሽማግሌ የባሕር ዳር ተቆጣጣሪ ደረሱ።

«ቁጥርሽ ስንት ነው፣ የኔ እመቤት?» አሏት።

«ሠላሳ አንድ ነበሩ፤ አሁን ሠላሳ ቀሩ» አለች ኖር በኩራት።

ሽማግሌው ተሳቅቀው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው አንቀጽ አራትን አነበቡላት። የአበባ መደብ በቀን ከሦስት አይበልጥም፤ ከሳምንት በፊት ተመዝግቦ ቁጥር ይወሰድለታል፤ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ሆኖ በነጭ ገመድ በታጠረው ስፍራ ብቻ ይሠራል። በዚያ ቀን ገመዱ ውስጥ ከአንድ የባሕር ወፍ በቀር ማንም አልነበረም።

«እኔ አላወጣሁትም፣ የኔ ልጅ» አሉ እያፈሩ። «አሸዋ ጫማው ውስጥ ገብቶ የማያውቅ አንዱ፣ ቢሮ ቁጭ ብሎ የጻፈው ነው።»

«ሰውየው ልጅ ሆኖ አያውቅም እንዴ? ከነከረባቱ ነው የተወለደው?» አለች ቬርለ፤ ወደ እኔም ዞራ «አንተስ ምን ትላለህ?» አለችኝ።

አፌን በድንች ጥብስ ሞልቼ ነበር። «እውነትሽን ነው» አልኳት።

ክብርት ሆይ፣ እርስዎ እንደሚያውቁት ያ ሰውዬ እኔ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ቢሮዎ ለሦስት ወር ልምምድ ሲቀበለኝ፣ ሦስት ወር ዓለምን ለማስተካከል የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ከላይ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ የልጆቹ መደቦች እንደተደፋ ምስር ተበታትነው ባይ ቅር አለኝና «ሥርዓት ያለው ባሕር ዳር» የሚል አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ታትሞ መሳቢያ ውስጥ የሚቀር መስሎኝ ነበር። ያችን ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር በማስመሪያ ሳሰምር ምን ያህል ደስ ብሎኝ እንደነበር ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ይግላል። ከመጻፌ ይልቅ ግን «እውነትሽን ነው» ማለቴ አንገቴን አስደፍቶኛል።

ኖር አበቦቿን አንድ በአንድ ነቅላ ወደ ባልዲዋ መለሰች። ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ «አጎቴ፣ አንተ እዚያ ቢሮ ሠርተህ የለ? ማን እንደጻፈው ጠይቅልኝና ይሰርዘው» አለችኝ። «እጠይቃለሁ» አልኳት። ይኸው እየጠየቅሁ ነው።

ስለዚህ የበጋው ዕረፍት ሳያልቅ አንቀጽ አራትን እንዲሰርዙልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ፤ አሥራ አንዱንም ገጽ ቢጥሉት ቅር አልሰኝም። የፊታችን እሑድ ረፋድ ላይ ይህን ደብዳቤ ለኖር ራሴ አነብላታለሁ። ከዚያ በኋላ «አጎቴ» መባሌ ይቀጥል አይቀጥል የእርሷ ውሳኔ ነው።

ራሱ ባስወጠረው ገመድ ተጠልፎ የወደቀው፣
የቀድሞ ትጉህ ተለማማጅዎ፣
ዮረን ማርተንስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደንቡ ታትሞ ሲወጣ ስሜን ከሽፋኑ አንሥተው የራስዎን ስላስገቡበት በጣም ተቀይሜዎት ነበር። ቅዳሜ ዕለት ግን ከስምዎ ጀርባ ተደብቄ ድንቼን ስበላ ውለታዎ ገባኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ስሜን ይመልሱልኝ፤ ኖር የምትቆጣው ማንን እንደሆነ ትወቅ። እሑድ ከነጭ ገመዱ ውጪ እንሆናለን። ልጅ ሳላችሁ እዚያ አሸዋ ላይ አበባ የሸጣችሁ አንባቢዎች እፍኝ ዛጎል ይዛችሁ ኑልን፤ ለእርስዎም፣ ክብርት ሆይ፣ አንዲት ቀይ አበባ ትቆይዎታለች። ዛጎሉን ግን እባክዎ ራስዎ ይልቀሙት፤ ሌላ ሰው የለቀመውን ኖር አትቀበልም።