ስም የነፈግኋቸው ሥዕሎች

ኅዳር 9 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ አዋሳ ከተማ።

እኔ የሥዕል መምህር የነበርሁት ወልደጻድቅ ግዛቸው፣ ሳንባዬ ቢደክምም አእምሮዬ አልደከመም። ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሥዕል ክፍሌ ተኝቼ፣ አራት ምስክሮች እየሰሙ ይህን ቃሌን አቶ ጌታቸው እንዲጽፉልኝ እናገራለሁ።

አንደኛ፤ ቤቱ ከነዕቃው ለባለቤቴ ለወይዘሮ ዘነበች ይሁን። ሠላሳ አንድ ዓመት ችላኛለች። ወደዚህ ክፍል ግን መግባት ካቆመች ሰባት ዓመት ሊሆን ነው፤ ታምሜ እንኳ ምግቤን የምታመጣልኝ ልጃችን ናት። አልፈርድባትም።

ሁለተኛ፤ ብሩሾቼና የቀለም ሣጥኔ ለልጄ ለጸሐይወርቅ ይሁኑ። ልጄ ሆይ፣ አሠራሬን ታውቂዋለሽ። ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ዳር እቀመጣለሁ፤ እርሳስ እንኳ አልይዝም። ፀሐይ እስክትበረታ ውኃውን አይና ቤት ገብቼ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ ዓይኔ ውስጥ የቀረውን ብቻ አቡጀዲ ላይ እቀባለሁ። ጀልባውና ወፉ ይጠፋሉ፤ ቀለሙ ይቀራል። ሰው "ምንድን ነው?" ሲለኝ "ምን ይመስልሃል?" እላለሁ እንጂ ለሥዕሌ ስም ሰጥቼ አላውቅም። እኮራበት ነበር። ኩራቴን አፈር ይብላውና!

ሦስተኛ፤ ስለ ቀዩ ሥዕል። ሐምሌ 1969 ዝናብ የቡሹሎን መንደር ቀይ አፈር አጥቦ ሐይቁ ውስጥ ሲከተው አየሁ። ከዚያው አፈር ዘግኜ፣ በዘይት ለውሼ ሣልሁት። ልጄ አምሳሉ ወደደውና ከአልጋው በላይ ሰቀለው። በተከታዩ የካቲት ቤት ሊፈትሹ የመጡ ሰዎች ፊቱ ቆሙ። አንዱ "ይህ የማን ደም ነው?" አለኝ። እኔ ጅሉ፣ ተማሪዬ የጠየቀኝ ይመስል፣ "ለእርስዎ ምን ይመስልዎታል?" አልሁት። ዘነበች ክንዴን ይዛ "ኧረ ንገራቸው! በሞቴ ንገራቸው!" አለች። ዝም አልሁ። አምሳሉን ከነሥዕሉ ወሰዱት።

አቶ ጌታቸው፣ ብዕርዎን አያቁሙ፤ ይጻፉት። ከእንግዲህ ምን ያደርጉኛል?

በማግስቱ ወደታሰረበት እስር ቤት ሄጄ "ጭቃ ነው ጓዶች፣ የዝናብ ጭቃ ነው" ብዬ ተንበረከክሁ። የሰማኝ የለም። ልጄ አልተመለሰም፤ አስከሬኑንም አላገኘሁም።

አራተኛ፤ የቀሩት ሥዕሎች ሁሉ ስም ይኑራቸው። ጸሐይወርቅ ከጀርባቸው ትጻፍ። አረንጓዴው ቄጠማ ነው። ግራጫው የነሐሴ ጉም ነው። ቢጫው ሐይቁ ላይ የወደቀ የመስከረም ፀሐይ ነው። ነጩ ከሐይቁ የመጣ አይደለም፤ አምሳሉን ስጠብቅ ፊት ለፊቱ የዋልሁበት የእስር ቤቱ ግድግዳ ነው።

ዘነበች፣ በሩ ሥር ቆመሽ እንደምትሰሚ አውቃለሁ። ይቅር በይኝ ለማለት አፌ አልደፈረም፤ ለዚህ ነው በጽሑፍ የማደርገው።

ምስክሮች፦ አቶ ሙህዲን ጠሀ፣ አቶ ባህሩ አምዴ፣ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ባዬ፣ አቶ ተፈራ አለሙ። ተነቦ ሰምተን ፈርመናል።

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ኑዛዜው ተነቦ እንዳበቃ ወይዘሮ ዘነበች ወደ ክፍሉ ገቡ። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አዩና "ያኔ እንዲህ ብትላቸው ምን ነበረበት?" አሉ። አቶ ወልደጻድቅ "ይህም ቃሏ ይጻፍ" ብለው እያለቀሱ ፈረሙ።