አክስታችን ሆቴል ያደረች ዕለት

ለውድ ወንድም ጋሼ ክፍሉ፦

እንደምን ሰንብተሃል? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ኑኃሚንስ ወገቧን ተሻላት? ትንሹ ዳጊ ጥርስ አወጣ ወይስ ገና ያስለቅሳችኋል? እኔ ደህና ነኝ፤ ድሬም ከነአቧራዋ ከነሳቋ ደህና ናት።

«ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ቲያትር እማዬና አባባ ሳያዩት እንዳይቀር፤ መሀል ከተማ ደህና ሆቴል ፈልጊላቸው» ብለህ ያዘዝከኝን ፈጽሜያለሁ። እማዬ ሂርና ተቀምጣ «ቲያትር በዓይኔ ሳላይ እንዳልሞት» ስትል ስንት ዘመኗ! የእኔ አንድ ክፍል ደግሞ ለእኔም አልበቃች።

መጀመሪያ ያየሁት ሆቴል መስታወቱ ያብለጨልጫል፤ ከሥሩ ግን ጭፈራ ቤት አለ። ሁለተኛው ጸጥ ያለ ነው፤ ባዶው ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነና ሊፍቱ ተበላሽቷል፤ የአባባን ጉልበት ታውቀዋለህ። በመጨረሻ ከዚራ ሰፈር፣ ከቲያትር አዳራሹ በእግር የሚደረስ፣ ግቢው በዛፍ የተሸፈነ አሮጌ ሆቴል አገኘሁ። ቬንትሌተሩ ይጮሃል፤ ግን ያቀዘቅዛል። እንግዳ ተቀባይዋ መሪያም «እናትሽ እናቴ ናት፤ አታስቢ አቦ!» ስትለኝ ልቤ አረፈ።

ለካ አክስታችንን አሰገደችን ረስቻለሁ! ደቻቱ ወንዝ ማዶ ቤቷ እያለ እህቷ ሆቴል ልታድር መሆኗን ከሰው ሰማች። ደውላ «እህቴ እኔ ባለሁበት አገር ሆቴል? ምን አጎደልኩባት?» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ክረምት ነው፣ ደቻቱ ከሞላ መሻገሪያ አይኖርም፣ ቲያትሩ ያመልጣቸዋል ልላት መልሼ ብደውል ማን ያንሳልኝ። እማዬም ይህን ስትሰማ «እንግዲያው ቲያትሩ ይቅርብኝ፤ እህቴን አስቀይሜ የማየው ነገር የለም» አለች። ሁለቱ አንዴ ከተኮራረፉ እርቁ ስንት ሽማግሌ እንደሚያደክም አታጣውም። አባባ ግን «መኪናው ላይ እናስብበታለን» ብሎ ይዟት መጣ።

ትናንት ገብተው ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ አክስታችን በባጃጅ ከተፍ አለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ሻንጣቸውን አንስታ «ተነሱ!» አለች። የእማዬ ዓይን እንባ ሞላ። መሪያም ቀዝቃዛ ውሃ ይዛ ገባችና «እትዬ፣ መጀመሪያ ትንሽ ይረፉ» አለቻት። አክስታችን ሻንጣውን ሳትለቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቬንትሌተሩ አናፈሳት። ሻንጣውን አስቀመጠች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ ፍራሹን በእጇ ጫን ጫን አድርጋ አየችው።

«ይኼ ሁለተኛው አልጋ የማን ነው?» አለች።

«ያንቺ ነዋ!» አለ አባባ ቀድሞኝ። «እኔ ያዝኩት ጎን ያለውን ክፍል ነው።»

የያዘው ክፍል አልነበረም! ሮጬ ከመሪያም ቁልፍ ተቀበልኩ። አክስታችን ዕድሜዋን ሙሉ ድሬ ኖራ የድሬን ሆቴል ከውጭ ብቻ ነው የምታውቀው። ትንሽ ተግደረደረችና «እንግዲህ እህቴን ብቻዋን ጥዬ አልሄድ» አለች።

ቲያትሩማ! አንድ አጭበርባሪ ባል ሚስቱን በማር ምላሱ ሲያባብል አክስታችን ከወንበሯ ብድግ ብላ «አትመኚው እህቴ!» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተዋናይዋ ራሷ ሳቋን ለመደበቅ ጀርባዋን ሰጠችን። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስትንፈቀፈቅ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ መሰለህ?

ዛሬ ጠዋት ልሸኛቸው ስሄድ የእማዬም የአክስታችንም ድምፅ ተዘግቷል። አንዷ ባል፣ አንዷ ሚስት እየሆኑ ሲጫወቱ ነው ያነጉት። አባባ ዓይኑን እያሸ «ልጄ፣ እኔ ቲያትሩን ሁለቴ ነው ያየሁት፤ አንዱን በአዳራሽ፣ አንዱን በግድግዳ በኩል» አለኝ።

ኑኃሚንን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ፤ የዳጊን ጉንጭ ንከስልኝ። እማዬና አባባ ምርቃታቸውን ልከዋል። አክስታችንም ሰላም ብላሃለች፤ «ክፍሉ ሲመጣ የሚያድረው እኔ ቤት ነው፤ ሆቴል የሚባል ነገር እንዳልሰማ!» ብላለች።

እህትህ ስምረት
ድሬዳዋ፣ ሐምሌ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.