አመዱ እስኪያልፍ

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ውዷ ልጄ፣ ድንቢጤ፤

እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን። ስትደውዪ ያላነሳሁት ድምፄ ስለተዘጋ ነው፤ የእሳተ ገሞራው አመድ ነው። ይህን ደብዳቤ ጎረቤታችን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። ሌላ ነገር እንዳይጽፍልሽ አስጠንቅቄዋለሁ።

መልእክትሽን አነበብኩት። «አባዬ፣ በመኪና ብመጣ እማዬ ላይ አልደርስም። አመዱ ስስ ነው፤ ነገ ጠዋት አውሮፕላኔን አስነስቼ በሥሩ ሾልኬ እመጣለሁ። አለቃዬም ውሳኔውን ለኔ ትቶታል» ብለሻል። አለቃሽ ምን ገዶት! ልጄ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት የአውሮፕላን ሞተር ስፈታ ነው። አመድ ውስጥ ያለፈ አንድ ሞተር ከፍቼ አይቻለሁ። አመዱ እሳቱ ውስጥ ቀልጦ፣ መልሶ ደርቆ፣ ውስጡን እንደ ብርጭቆ ለብጦት ነበር። አብራሪው «ራዳሩ ላይ ምንም አልነበረም። ድኝ ሸተተኝ፣ ከዚያ ሞተሩ ጸጥ አለ» አለኝ። ይህን ሲለኝ የሚያዳምጠው ሰው ያለ ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ። ስስ መሆኑን ማን ለካልሽ?

እዚህ በጠራራው ቀትር የመንገድ መብራት ይበራል። መኪናው፣ ዛፉ፣ የተሰጣው ልብስ ሁሉ አንድ መልክ ሆኗል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሰማዩ ነው፤ ጭር ብሏል።

እናትሽ እሁድ ዕለት ድንገት ከትራሷ ቀና ብላ «መጣች!» አለችኝ።

«ማን?»

«ልጅህ ናት እንጂ! ሞተሩ አይሰማህም? መካኒክ ነኝ ትላለህ ደግሞ! በል መስኮቱን ክፈተው።»

ከፈትኩት። ድንቢጤ፣ እኔም ሰማሁት። አንድ ሞተር ከጣራችን በላይ እያለፈ ነበር። ያን ቀን የትም የሚበር ነገር አልነበረም፤ እኔ ደግሞ የሞተር ድምፅ አልስትም። ልክ ከራሳችን በላይ ሲደርስ ጸጥ አለ። ዘወር ስል እናትሽ ፈገግ እንዳለች ጋደም ብላለች። አሁን ደህና ናት። አያስላትም፣ መድኃኒትም አትጠይቀኝም።

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ጎረቤቶች ወንበር እየያዙ ይመጣሉ፤ የሚያወሩት በሹክሹክታ ነው። መስኮቱን እስካሁን አልዘጋሁትም። ትራሷ ላይ አመድ አርፏል፣ ማንም እንዳያራግፈው ብያለሁ።

ነገ አትነሺ። ፈርቻለሁ፣ ልጄ። ያን ሞተር ሁለተኛ መስማት አልችልም። በመኪና ነይ፤ መንገዱን ያቅናልሽ፣ በሰላም ያግባሽ።

ቀስ ብለሽ ነይ። ከእንግዲህ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

አባትሽ