ለሌላ ሰው ስትጠይቀኝ

ውድ ቅጣው፣

እንደምን ከርመሃል? የሽማግሌ መልስ በቃል እንጂ በወረቀት አይሰጥም የምትለው አንተው ነህ። ግን ፊት ለፊት ካየሁህ ወይ እስቃለሁ ወይ አለቅሳለሁ፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ።

የሰው ትዳር ስታቃና የእኛው ፈረሰ። ከጋዝጊብላ እስከ ሰሃላ የተጣላ ባልና ሚስት ሁሉ አንተን ያስጠራል፤ ሄደህ ታስታርቃለህ፣ ተመርቀህ ትመለሳለህ። ቤት ስትገባ ግን ንግግርህን ሁሉ እደጅ ጨርሰኸው ነው። ከዝምታህ ጋር መኖር ሰልችቶኝ ተፋታን፤ ይኸው ሁለት ዓመታችን። ሰቆጣም ሳቀብን። የተማሩት ምጸት የሚሉት እንዲህ ያለውን ይመስለኛል።

የባሰው ደግሞ ባለፈው እሑድ መጣ። ዘመነ፣ ከጎረቤት ወረዳ ከዝቋላ የሚመጣው ፍየል ነጋዴ፣ ሊያገባኝ አስቦ ገበያ ላይ "ለሽምግልና ማን ይሻላል?" ቢል ሁሉም አንተን ጠቆሙት። የቀድሞ ባሌ መሆንህን የነገረው የለም። አንተም የምትጠይቃት ሴት እኔ መሆኔን የሰማኸው መንገድ ከጀመርክ በኋላ ነው አሉ።

ወንድሜ ባንተአምላክ በሩ ላይ ሲያይህ በአፍ መፍቻ ቋንቋችን በኽምጣኛ ያወረደብህን ስድብ አልደግመውም። ሲደክመው "አንተ ሰው፣ አታፍርም?" አለህ።

"አፍሬአለሁ። ግን ሰው አምኖ ልኮኛል፤ ቃሉን ላድርስ" አልክ።

እኔ ከወንድሜ ሚስት ከሶስና ጋር ጓዳ ሆኜ ሳቄን በነጠላዬ አፍኜ ነበር። ከዚያ ስለ እኔ መናገር ጀመርክ።

"ይህች ሴት ስትቆጣ ትጮኻለች፤ ሲነጋ ረስታዋለች። በድርቁ ዓመት 'በልቻለሁ' እያለች ድርሻዋን ለእናቴ ታቀርብላት ነበር። ያላየኋት ይመስላታል። አይቻለሁ። የሚያገባት ሰው ያየውን ይንገራት፤ እኔ ሳልነግራት ነው ያጣኋት።"

ሳቄ የት እንደገባ እንጃ። አብረን ስንኖር አንዱን እንኳ ብትለኝ ኖሮ ምን ነበረበት ብዬ ተናደድኩ። ግን ኮራሁብህ፣ ቅጣው። የላከህን ሰው ላለማሳፈር ራስህን አሳፈርክ፤ ከቃሉም ምንም አላጎደልክበትም። እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ወንድ አላውቅም።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ለዘመነ "አይሆንም" በልልኝ። ደህና ሰው ይመስላል፤ እንዳይከፋው በምታውቅበት አነጋገር አለስልሰህ ንገረው።

አንተ ደግሞ ለራስህ የምትለኝ ካለህ ማንንም አትላክ። ብቻህን ና። ቃል ቢጠፋህም፣ ብትንተባተብም እስክትጨርስ እሰማሃለሁ። ወንድሜ እንደሆነ ገና አልበረደለትም። ግድ የለህም፣ ከእሱ ጋር የማስታርቅህ እኔ ነኝ።

ዓይናዲስ
ከሰቆጣ