ወፏ የሌለችበት ካርድ

በወሬ ደመወዝ የምትበዪው የእህቴ ልጅ፣

ይህን ፖስት ካርድ ገልብጠሽ ወፍ እንዳትፈልጊ፤ ከሐይቁ ውኃ በቀር ምንም የለበትም። ፎቶውን ያነሳችው እንዳንቺው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ናት፤ ለጉብኝት የመጣሁበት የዚህ ሐይቅ ጥበቃ ማኅበር ውስጥ ትሠራለች። ካርዱን ስትሸጥልኝ፣ «ሐይቁ የሚታወቅባትን ወፍ ለራስሽ አስቀርተሽ ውኃውን ብቻ ትሸጭልኛለሽ?» ብዬ ተተናኮልኳት።

«አምና የጎጆዋን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት ጋሼ» አለችኝ። «ከጀርባው ኮረብታው ይታይ ነበር። ኮረብታውን ያወቀ ሁሉ ካሜራ ይዞ ጎረፈ፤ ወፏም እንቁላሎቿን ጥላ ሄደች።»

ወዲያው ያንቺ ፎቶ ትዝ አለኝ። አንቺ ሰኞ ልትለጥፊው ያሳየሽኝ የጎጆ ፎቶ ላይም የወንዛችን ድልድይ ከኋላ ይታያል። ድልድዩን ቆርጠሽ ጣይው። ቦታው የት ነው ብሎ የሚያደርቅሽ ካለ ወደ እኔ ላኪው፤ ሰው መንገድ በማሳት ማንም እንደማይስተካከለኝ እናትሽ ትመሰክራለች። እሷንም ሳሚልኝ።

አጎትሽ